ባሌስትራና ዘመድ

ቃሊቲ አደባባይ ዳር ቆሞ መኪና የሚያይ ሰው አንድ ነገር ሳይገርመው አይቀርም። ከጅቡቲ መስመር የሚገባው ተሳቢ፣ ነዳጅ የሞላው ቦቴ፣ ጠጠር ጭኖ የሚያጓራው ሲኖ ሁሉ ሸክሙን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ባዶዋን የምትሄደው አሮጌ የቤት መኪና ግን ኋላዋ አስፋልቱን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ አፍንጫዋን ሰቅላ ትንፏቀቃለች። የጭነት መኪናውን የሠሩት ሰዎች ለጭነት ብለው ነው የሠሩት። የቤት መኪናዋን የሠሩት ለቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ከሲሚንቶ እንደሚከብድ ለጃፓኖቹ የነገራቸው አልነበረም።

የእኔዋ ኮሮላ የ1973 ሞዴል ናት። በእኛ ቆጠራ ጃንሆይ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀራቸው መሆኑ ነው። የገዛት አጎቴ ነበር፤ የአቃቂ ፋብሪካ ደመወዝተኛ፣ ከእሑድ በቀር የማይነዳት፣ ከወንበሯ ላይ የፋብሪካውን ላስቲክ ሳይገፍ የኖረ ጥንቁቅ ሰው። መንግሥት ሲለዋወጥ አይታ፣ ታርጋዋም አብሮ ተለዋውጦ፣ እሷ ግን እዚያው አለች። ሞተሯ ዛሬም በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ፊቷ ሞላ ስለሆነ እንደቆመ ነው። ኋላዋ ባሌስትራ ነው፤ ባሌስትራው ተኝቷል።

ከጎን ለሚያያት ቁርጥ ጅብ ናት። ትከሻዋ ከፍ፣ ዳሌዋ ዝቅ ያለ፣ ሁልጊዜ ልትቀመጥ የምታስብ። የሰፈራችን ልጆች ከሩቅ ሲያዩኝ «አያ ጅቦ መጣ!» እያሉ ነው በር የሚከፍቱልኝ። ስም አንዴ ከወጣ ወጣ፤ ባለቤቴ እንኳ በስልክ «የለም፣ አያ ጅቦን ይዞ ወጥቷል» ስትል ሰምቻታለሁ። ቀን ቀን ይህ ሳቅ ነው። ችግሩ ማታ ነው። ኋላ ሲወርድ ፊት ይነሳል፤ ፊት ሲነሳ መብራት አብሮ ይነሳል። የእኔ መብራት የቱሉ ዲምቱን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ወለል አድርጎ ያሳያል፤ ከጎማዬ ፊት ያለውን ጉድጓድ ግን አያውቀውም። ከፊት የሚመጣው ሹፌር ሁሉ «ረጅሙን አጥፋ!» እያለ በጥሩምባና በመብራት ይሰድበኛል። አጭሩ መሆኑን በምን አንደበቴ ላስረዳው? ለቦሎ ዓመታዊ ምርመራ ስንቀርብም መርማሪው መብራቷን አይቶ ወደ ሰማይ ቀና ይላል፤ ከዚያ ወደ እኔ።

ባሌስትራ ምን እንደሆነ ለማያውቅ፣ በተለይ በኤሌክትሪክ መኪና ዘመን ለደረሰ ሰው፣ በአጭሩ ልንገር። ጠፍጣፋ ብረቶች ናቸው፤ ረጅሙ ከላይ፣ ከሥሩ እያጠሩ እያጠሩ የተነባበሩ፣ መሐላቸውን አንድ ብሎን ወግቶ ያያዛቸው፣ ጫፍና ጫፋቸው ሽቅብ የጎበጠ። ጭነት ሲመጣ ጉብጠቱ ይዘረጋል፤ ጭነት ሲወርድ ይመለሳል። ብረቶቹ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ዝላዩንም በመጠኑ ያበርዱታል። ብልሃቱ መኪና ሳይፈጠር በፈረስ ሠረገላ ሥር የነበረ ነው። ቤንትሌ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ከባሕር ጠረፍ እየነዳ፣ በበረሃው በኩል፣ አልሄድ ሲለውም በሰውና በከብት እያስጎተተ ለዳግማዊ ምኒልክ ሲያደርስ ያቺን መኪና ከሥር የተሸከማት ይኸው ብረት ነው፤ የዘመኑ መኪና በአብዛኛው የሚቀመጠው ባሌስትራ ላይ ነበርና። ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፈሩባት። ስንት ሰው አብሯቸው እንደተሳፈረ ባላውቅም፣ ቤተ መንግሥትም ዘመድ አለው።

ባሌስትራ ሲተኛ ብዙ ሰው ብረቱ የለሰለሰ ይመስለዋል። አልለሰለሰም። ብረቱ እንደ ድሮው ጠንካራ ነው፤ የጠፋው ጉብጠቱ ነው። ከአቅሙ በላይ በተጫነ ቁጥር፣ ጭነቱን ይዞ ጉድጓድ ውስጥ በወደቀ ቁጥር፣ ወደ ቦታው ሲመለስ አንዲት ቅንጣት ያህል ይጎድላል። ያቺ ቅንጣት ለዓመታት ስትጠራቀም አራት ጣት ትሆናለች። ጥሩ ባሌስትራ ያላት መኪና በጎማዋና በፓራፋንጎዋ መካከል እጅ ታስገባለች። የእኔዋ ጣት አታስገባም። ጎማዋ ፓራፋንጎውን ከውስጥ እየላገ የራሱን ቦታ ሠርቷል።

እንግዲህ «ማን አስተኛው?» የሚለው የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ በጥንቃቄ ነው የምናገረው። ሊብሬዋ አምስት ሰው ይላል። ሊብሬ ግን ትራፊክ ፖሊስ እንጂ ዘመድ አያነበውም። ሠርግ ሲሆን አምስት ሰው ማለት አምስት ሰውና ልጆቻቸው ማለት ነው፤ ልጅ ጭን ላይ ስለሚቀመጥ አይቆጠርም። ለቅሶ ሲሆንማ ቁጥር የሚባለው ነገር ራሱ ይቀራል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ በር ላይ የቆመችን ሴት «ሞልቷል» የሚል ሰው አላየሁም፤ ካለም የእኛ ዕድር አባል አይደለም። ዕድራችን ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው ብረት ድስት አለው። መኪና የለውም። መኪና ያለው አባል ግን አለው።

የፊት ወንበር ነገርም አለ። ባሌስትራው ኋላ ስለሆነ ከባዱ ሰው ፊት፣ ቀላሉ ሰው ኋላ ቢቀመጥ መልካም ነበር። በእኛ አገር ግን የፊት ወንበር በማዕረግ እንጂ በኪሎ አይታደልም። የዕድራችን ሰብሳቢ ነፋስ የሚወስዳቸው ቀጭን ሰው ናቸው፤ ፊት ይቀመጣሉ። ከኋላ ስለሚቀመጡት ወይዛዝርት ምንም አልልም፤ አንዷ አማቴ ናቸው።

አማቴ ደግሞ የአድአ ጤፍ ካልሆነ እንጀራ አይጥማቸውም። አድአ ለእኛ ለቃሊቲዎች የጎረቤት ያህል ነው፤ «መንገድህ ነው» ይባላል፤ መንገዴ ባይሆንም። አንድ ኩንታል መቶ ኪሎ ነው። ይህ መቶ ኪሎ ከኋላ ጎማዎች አልፎ የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ሲጋደም የፊቱን ጫና ቀንሶ ለኋላው ያሸክማል፤ ስለዚህ ባሌስትራው የሚሰማው ከመቶ ኪሎ በላይ ነው። ይህንን አማቴን ላስረዳቸው ሞክሬ «ጤፉን እኮ ሚዛን ላይ አይቼዋለሁ፤ መቶ ነው» አሉኝ። በፋሲካ ዋዜማ የአቃቂ ገበያ በግ ይጨመራል። በግ እንኳ ከጤፍ ቀላል ነው፤ ግን ጤፍ ተኝቶ ይሄዳል፣ በግ እግሩን ታስሮም በየጉድጓዱ ይነሳል። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ቃሊቲ ድረስ ሥራ ሲጀምር ተስፋ አድርጌ ነበር። ባቡሩ በግ አይጭንም።

ፊት ለፊታችን ያሉት ጋሼ ቮልስ አላቸው። አያ ጅቦን ባዩ ቁጥር «ባሌስትራ ያለው መኪና የያዘ ሰው የሰው ሸክም ይዟል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ቮልስ የሚቆመው በሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ነው፤ የሚተኛ ጉብጠት የለውም። ነገር ግን ሰው ሲበዛበት የኋላ ጎማዎቹ ከላይ ተጠጋግተው ከታች ይከፈታሉ፤ በዚያ ሁኔታ ቁልቁለት መውረድን ለማንም አልመኝም። እሳቸውም ያውቁታል። ለዚህ ነው የራሳቸው ዘመድ ከክፍለ ሀገር ሲመጣ እኔን የሚያስጠሩኝ።

ኋላው የወረደ መኪና ያለው ሰው ሐኪም አይቸግረውም። አላፊ አግዳሚው መድኃኒት ያዛል። የታክሲ ረዳቱ «አሮጌ ጎማ ቆርጠህ በአክሰሉና በሻንሲው መሐል ሰንቅርበት» ይላል። ይሠራል፤ መኪናዋ ትነሳለች፤ ባሌስትራው ግን ሥራ ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ጉድጓዱን የሚቀበለው የተሳፋሪው ወገብ ነው። በያጁ «ማንጠልጠያውን አስረዝመው» ይላል። ይህም ይሠራል፣ ግን ስሌቱ አታላይ ነው፦ ባሌስትራው አንድ ጫፉ ከፊት ታስሮ ስለሚቀር ማንጠልጠያውን በአራት ሴንቲ ብታስረዝመው መኪናዋ የምትነሳው በሁለት ገደማ ነው። ሁለት ሴንቲ ለአማቴ ምሳቸውም አይደለች። አንድ ቀልደኛ ደግሞ «ፊቷ ላይ ድንጋይ ጫንና ይስተካከላሉ» አለኝ። ይህን ያለኝ ሰው ምሕንድስና የተማረ መሆኑን ሳልገልጽ ማለፍ አልችልም።

ከሁሉም የማከብረው የጡረተኛውን ምክር ነው። በወጣትነታቸው ቃሊቲ ማሰልጠኛ ሠልጥነው፣ ዕድሜያቸውን በኤንትሬ የጭነት መኪና የአሰብን መስመር ሲመላለሱ የጨረሱ ሰው ናቸው። አሰብ የኢትዮጵያ ዕቃ መግቢያ በነበረበት ጊዜ ስለነበረው ሙቀት ሲያወሩ ሻይዎ ይቀዘቅዛል። ለሳቸው የማይድን ኋላ የለም፤ መድኃኒቱም አንድ ነው፦ «አንድ ብረት ጨምርበት!» ከፒክአፕ ላይ የወረደ ወፍራም ብረት ከሥር ይጨመራል፣ አለቀ። ለኤንትሬ ልክ ነው። የሰፈራችን አንድ ሰው ይህንኑ በዳትሰኑ ላይ አድርጎት ኋላዋ ተሰቀለ፤ ከዚያ ወዲያ ብቻውን ሲሆን መኪናዋ መንገዱ ላይ ያለውን ጠጠር አንድ በአንድ ትቆጥርለት ጀመር። ሚስቱ ወደ ገበያ በእግሯ ነው የምትሄደው። ሲጠይቋት «ለጤናዬ ነው» ትላለች።

ሶማሌ ተራም አለ። ያገለገለ ባሌስትራ ከዱባይ የመጣ፣ «ምንም ያልተነካ» እየተባለ በመዳፍ እየተመታ ይሸጣል። የሌላ ሰው ዘመዶች ያስተኙትን ባሌስትራ በገንዘብ መግዛት ለእኔ አይዋጥልኝም። እዚያ ለሚሄድ ግን አንዲት ብልሃት ላካፍል፦ ሁለቱን ባሌስትራ ወለል ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ጉብጠታቸውን ማየት ነው። እኩል ካልሆኑ ከሁለት መኪና የወረዱ ናቸው፤ መኪናዋም በአንድ ጎኗ ታነክሳለች። አዲሱን ደግሞ አላነሳውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ መለዋወጫ ሻጩ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ስልኩን ነው የሚያየው።

«ሽጣት» የሚሉም አሉ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ወደ አገር አይገባም መባሉ ከተሰማ በኋላ፣ ትናንት ቁርጥራጭ ብረት ትባል የነበረችው ኮሮላ ዛሬ ቅርስ ሆናለች። ደላላው ኋላዋን ሳያይ ዋጋ ጠራልኝ። ዋጋው ጥሩ ነበር፤ ባለቤቴም ዝም አለች፤ የሷ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገሩን አማቴ ሰሙ። «ጤፉስ?» አሉ። መኪናዋ አልተሸጠችም።

ስለዚህ የቀረው እሳት ነው። አቃቂ ውስጥ ከትልቁ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከከባድ መኪና ጋራዦች ጀርባ፣ ባሌስትራ የሚመታባቸው ግቢዎች አሉ። አድራሻ አያስፈልጋቸውም፤ ጆሮ ይወስዳል። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚመላለሰው በጅቡቲ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ባሌስትራ ላይ ተቀምጦ ነው የሚመጣው፤ መንገድ ላይ የተሰበረው ሁሉ እዚህ ይራገፋል። እንደ እኔ ክንድ የወፈረ፣ ሰው የማያነሳው የተሳቢ ባሌስትራ ግድግዳውን ተደግፎ ወረፋ ይጠብቃል። የእኔን ባሌስትራዎች በክንዴ ታቅፌ ስገባ ከልጆቹ አንዱ ተነስቶ ተቀበለኝና «ጋሼ፣ የአልጋ ነው?» አለኝ።

ባለሙያው ጎልማሳ ነው። ወናፉ በኤሌክትሪክ የሚነፋ፣ መስፉ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ። ከየትኛው መስመር እንደወጣ አልጠየቅሁም፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው የጅቡቲ ባቡር በአቃቂ በኩል ያልፍ እንደነበር ግን ሁላችን እናውቃለን። ቀጥቃጭን ሥራ ሲፈልጉ እጁን፣ ሥራው ሲያልቅ ዘሩን የሚያነሱ ሰዎች የነበሩበት አገር ነው የእኛ። ምኒልክ መኪና ባስገቡበት በዚያው ዘመን ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ ስድቡ ቀርቶ ልመናው ነው የቀረው፤ ለከሰዓት ቀጠሮ ስጠን የሚሉ ሹፌሮች በር ላይ ተኮልኩለዋል።

ባሌስትራዬን አገላብጦ አየው፣ በመዶሻ ጫፍ ነካ አደረገውና ድምፁን አዳመጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጥሩ ብረት ነው።»

«ደስ ይላል።»

«ከዚህ ሁለት መጥረቢያና ጥሩ ጥሩ ቢላዎች ይወጣሉ።»

እየቀለደ አልነበረም። የመኪና ባሌስትራ በአገራችን ሁለተኛ ሕይወት አለው፤ ከመኪና ሥር ወጥቶ ማረሻ ይሆናል፣ ማጭድ ይሆናል፣ የበዓል በግ የሚታረድበት ቢላ ይሆናል። የባሌስትራ ቢላ ስለቱን እንደያዘ ይኖራል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ይህንኑ ነው የሚነግሩት። የእኔ ባሌስትራ በጉን በጀርባው ተሸክሞ ማምጣቱ አንሶ ሊያርደውም ነው ማለት ነው። «የለም፣ መኪናዋ ትፈልገዋለች» አልኩት።

«እሺ። ስንት ሰው ይጭናሉ?»

«አምስት።»

ጠመኔውን አነሳና ሲሚንቶው ወለል ላይ አንድ የጎበጠ መስመር ሠራ። ባሌስትራው ተመትቶ ከዚያ መስመር ጋር ሲገጥም አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«አሁን ዘመድዎን ጨምረው ይንገሩኝ።»

ዝም አልኩ።

«አገር ቤት ሰው አለዎት?»

«አለ።»

«ጤፍ ይልካሉ?»

«እኔ ነኝ የማመጣው።»

መስመሩን በመዳፉ አጠፋና ሌላ፣ ጎበጥ ያለ መስመር ሠራ። «ዕድርስ?» አለኝ። የዕድሩን ስነግረው ሳቀና አንድ ጣት ያህል ጨመረበት። የቤተሰቤን ዛፍ ወለል ላይ በጠመኔ ሲስለው ማየት ያሳፍራል፤ ከጎኔ የቆመው የተሳቢ ሹፌር አንገቱን ነቀነቀ። «እኔ አርባ ቶን ነው የምጭነው» አለኝ፤ «የአንተ ይብሳል።»

ሥራውን ቆሜ አየሁት፤ ማየትም ደስ ይላል። የመሐሉ ብሎን ሲፈታ ብረቶቹ ተለያዩ፤ በመካከላቸው የተጋገረው ዝገትና አቧራ ከአጎቴ ዘመን ጀምሮ የተጠራቀመ ነው። በሽቦ ብሩሽ ተፋቁ። አንድ በአንድ ፍሙ ውስጥ ገቡ። ብረት መቼ እንደበቃ የሚያውቅበት ቴርሞሜትር የለውም፤ ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ ያወጣት ማግኔት አለችው። ብረት 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ እሱ ግን በዲግሪ አይናገርም፣ «አልያዘውም» ነው የሚለው። ማግኔቷ እምቢ ስትል ጥቂት ይጨምርለትና ብርቱካን መስሎ ሲወጣ በጉጠት ይዞ ሐዲዱ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ጠመኔው እስኪገጥም ያጎብጠዋል። መዶሻው አይቸኩልም። ወዲያው የተቃጠለ ዘይት ወደ ሞላው በርሜል። ውሃ ለምን እንደማይሆን ስጠይቀው «ውሃ ይሰነጥቀዋል፤ መንገድ ላይ ነው የሚነግርዎት» አለኝ።

አሁን ትልቁ ነገር መጣ፤ ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ከዘይት የወጣ ብረት በጣም ደርቋል፤ እንዲሁ ቢገጠም ጉድጓድ ላይ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ ዘይቱ እንደተቀባ ቀለል ወዳለ እሳት ይመለሳል፣ ላዩ ላይ ያለው ዘይት በራሱ ነድዶ እስኪያልቅ ይያዛል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ባሌስትራ ይሆናል፤ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ትቶ ብረቱን አግሎ፣ አጉብጦ፣ አፈር ላይ ወርውሮ «ይኸው፣ እንደ አዲስ» የሚል አለ። በዓይን ሲያዩት ያምራል። ግን ብረቱ ሲግል የድሮ ጥንካሬውን ጥሏል፤ አፈር ላይ ቀዝቅዞ ለስልሷል። ሳይቆይ ይተኛል፣ አሁን ደግሞ እውነተኛ እንቅልፍ። ሳይጋል በቀዝቃዛው በመዶሻ የሚመታም አለ፤ እሱ ከአፈሩ ይሻላል፣ ጉብጠቱ ግን ከእሳቱ ቀድሞ ይሄዳል።

ቅባት በመካከላቸው ተቀብቶ፣ አዲስ የመሐል ብሎን ገብቶ፣ ጎሚኒው ተቀይሮ፣ አያ ጅቦ ከክሪክ ወረደች። ኋላዋ ተነሳ። እንዲያውም ትንሽ በዛ፤ ባለሙያው «ትቀመጣለች፣ የዘመድ ብዬ ነው የሠራሁት» አለኝ። ሰፈር ስገባ ልጆቹ በሩን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ጅብ እንዳይሏት ኋላዋ ከፍ ብሏል፤ ስም ለማውጣት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋሉ። ማታ መብራቷ አስፋልቱን ያሳየኝ ጀመር፤ በየቀኑ የምገባባቸውን ጉድጓዶች በመልክ ተዋወቅኋቸው።

የተነሳች መኪና ወሬ ግን ከመኪናዋ ይፈጥናል። ለካ የተኛ ባሌስትራ ለእኔ ጋሻ ኖሯል። በእኛ አገር «አልጭንም» አይባልም፤ ነውር ነው። «ባሌስትራው ተኝቷል» ግን ይባላል፤ ሰው ከንፈሩን መጦ፣ «እግዜር ያስነሳው» ብሎ፣ ወደ ሌላ መኪና ያለው ሰው ይሄዳል። ይህን አንድ የተከበረ ምክንያት ከፍዬ በእሳት አቀለጥኩት። በሳምንቱ የዕድሩ ሰብሳቢ ራሳቸው መጥተው በጎማዋና በፓራፋንጎዋ መሐል አራት ጣታቸውን አስገቡ፣ አወጡ፣ «ተመስገን» አሉ። የተመሰገነው ስለ እኔ አልነበረም። አማቴም ደወሉ፤ ጤፍ አላነሱም፤ አንድ የጎረቤታቸው ልጅ ቤት እየሠራ መሆኑን፣ ብሎኬትም በጣም እንደተወደደ ብቻ ነገሩኝ።

እንግዲህ አሮጌ መኪና ያላችሁ ሁሉ፣ ባሌስትራ የምታስመቱ ከሆነ ሁለቱንም ጎን አብራችሁ አስመቱ፤ አንዱን ብቻ ያስመታ ሰው መኪናው ጠማማ ትቆማለች። ከመስማማታችሁ በፊት የዘይቱን በርሜል አሳየኝ በሉ፤ በርሜል ከሌለው ብረታችሁን ይዛችሁ ውጡ። ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች አሮጌዎቹን አትመልሱ፤ የጎሚኒዎቹም ብሎን ለመጨረሻ ጊዜ የሚጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ስትቆም እንጂ ክሪክ ላይ እያለች አይደለም። ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ሁሉንም አስጠብቁ፣ መብራቱንም አስተካክሉ። ዘመድ ከጠየቃችሁ ግን ገና ተኝቷል በሉ።